የኮስትሪጊኖ ቃለ ጉባኤ

ከክፍለ ሀገሩ ከተማ
ኦክቶበር 14 ቀን 2012

ለተከበሩ ወይዘሮ ኡስቲኒያ ሳቬልየቭና፣
ኮስትሪጊኖ

እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ለስድሳ አምስት ዓመት ሰው እንደሚገባ ደህና ነኝ። ደብዳቤዎ በተላከ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ደርሶኛል። ከመንደራችን ደብዳቤ ሲደርሰኝ በሃያ ዓመት ውስጥ ይህ የመጀመሪያው ስለሆነ፣ ከመክፈቴ በፊት ጠረጴዛዬ ላይ ጥቂት አስቀምጬ ተመለከትኩት።

አስቀድሜ ይቅርታ ልጠይቅ። ባለቤትዎ ኒካንድር ካረፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ እኔ ግን አንድም የማጽናኛ ቃል አልጻፍኩም። ዘግይቼ ሰማሁ ብል ውሸት ይሆናል፤ በማግስቱ ሰምቻለሁ። ለምን ለቀብሩ እንዳልመጣሁ ግን ዛሬ አልጽፍም።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፦ በሴፕቴምበሩ ማዕበል የወደቀውን የመብራት መስመር ድርጅቱ አልጠግንም እንዳለ ተረድቻለሁ። ምክንያቱም ኮስትሪጊኖ በወረዳው የመንደሮች መዝገብ ላይ የለችም፤ በ1974 በገዛ ነዋሪዎቿ ስምምነት ተዘግታለች ተብሏል። እርስዎ ደግሞ እንዲህ ያለ ስምምነት ፈጽሞ እንደማያስታውሱ ጽፈዋል። በዚያ ዘመን በወረዳው የፕላን ክፍል እሠራ ስለነበር፣ የማውቀው ነገር እንዳለ ጠይቀውኛል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ረጅም ጊዜ ነው። ወረቀቶቼን አገላብጬ እመለስበታለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። የደብዳቤው እጅ ጽሑፍ የእርስዎ አይደለም። እርስዎ መስመር ጠብቀው ጽፈው አያውቁም፤ ከተማሪነታችን ጀምሮ ቃላትዎ ወደ ላይ ይወጣሉ። ይህኛው ግን በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል፤ የወንድ እጅም ነው። ማን እንደጻፈው ቢነግሩኝ፣ ምስጢር ካልሆነ።

በታላቅ አክብሮት፣
ካፒቶን ዬቭሴዬቪች
የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት የቀድሞ ምክትል አፈ ጉባኤ


ኮስትሪጊኖ
ኖቬምበር 2 ቀን 2012

ካፒቶን፣

ከመቼ ወዲህ ነው አንቱ የምትለኝ? የፖስታ አመላላሿ ራይሳ በፖስታው ላይ ያለውን ማዕረግ አይታ፣ «ኡስቲኒያ ሳቬልየቭና፣ ምን አጥፍተው ነው?» አለችኝ። እኔ እኮ አብረን ተልባ ስንነቅል አፍንጫህን የነሰረህ ቀን ደሙን በቀሚሴ ጫፍ የጠረግኩልህ ሰው ነኝ። አንተ በለኝ፤ ካልሆነም ስሜን ጠርተህ ዝም በል።

ጤናዬን ጠይቀሃል። የጉድጓዱ ደፍ ላይ አንሸራቶኝ ቀኝ እጄ ተሰብሯል፤ መነጽሬም አብሮ። የሚጽፍልኝም የሚያነብልኝም ሉክያን ፓርፌኖቪች ይባላል፤ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። የመንደራችንን ታሪክ ሊጽፍ ሲመላለስ አራተኛ በጋው ነው። ዘንድሮ እጄ ሲሰበር፣ እንጨት የሚፈልጥላት የለም ብሎ ሳይመለስ ቀረ። የሚያድረው በድሮው ትምህርት ቤት፣ ጣሪያው በማያፈስሰው ክፍል ነው። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ስድቡን እንዳያለዝበው አስጠንቅቄዋለሁ። (አላለዘብኩም። ሉ. ፓ.)

ሉክያን እንደሚለው የጥንት መዝጋቢዎች ሰው አይቆጥሩም፤ ጭስ ነው የሚቆጥሩት። አንድ ጭስ ማውጫ፣ አንድ ቤተሰብ። ኮስትሪጊኖ መጀመሪያ ስትመዘገብ ሰባት ጭስ ነበረች። ከጦርነቱ በፊት ሃምሳ ሁለት። ከጦርነቱ በኋላ፣ ወንዶቹ ካለቁ በኋላ፣ አርባ አንድ። ዛሬ አንድ ነው፤ የኔ። በትምህርት ቤቱ ያለው ተራ የብረት ማሞቂያ ስለሆነ አይቆጠርም ይላል፤ ስለ ራሱ እንኳ አያዳላም።

ችግሬን ልንገርህ። መስመሩ እስከ ጸደይ ካልተቀጠለ ምሰሶዎቹን ነቅለው ይወስዳሉ። ያኔ ወደ ቤሬዞቬትስ መሄዴ ነው። መታወቂያዬ ላይ የምኖረው እዚያ እንደሆነ ተጽፏል፤ የሁላችንንም በዚያን ዘመን እንዲያ አድርገው ጻፉት፤ እኔ ግን አንድ ቀን ውዬበት አላውቅም። የኒካንድር መቃብር እዚህ ነው። ላሜ እዚህ ናት።

ሉክያን ከወረዳው መዝገብ ቤት የዚያን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ግልባጭ ጠይቋል። አንተ በዚያ ቢሮ ነበርክ። ማን እንደያዘው ታውቃለህ?

ኡስቲኒያ


ከክፍለ ሀገሩ ከተማ
ኖቬምበር 18 ቀን 2012

ውድ ኡስቲኒያ፣

እንዳዘዝሽኝ አንቺ ብያለሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ያልተጠቀምኩበት ቃል ስለሆነ በብዕሬ ላይ ከብዶኛል።

በቅድሚያ ስለ ታሪኩ። ሰባት ጭስ ሳይሆን ዘጠኝ ነው። ሁለቱ ከወንዙ ማዶ፣ በአሮጌው ወፍጮ ዘንድ ነበሩ፤ አባቴ የመሠረት ድንጋያቸውን አሳይቶኛል። ሃምሳ ሁለት የተባለውም ትክክል አይደለም፤ ከሃምሳ ሁለቱ ቤቶች አንዱ የተልባ ቃጫ ማድረቂያ ነበር፣ ሰው አይኖርበትም። መምህሩ የሚጽፈው የኔን መንደር ታሪክ ነው፤ አንድ ደብዳቤ ጽፎ ቢጠይቀኝ ክብሩ አይቀንስም ነበር። አራት በጋ ሙሉ ከአንቺ አንደበት ሲሰማ ከርሞ ከእኔ አንድ ቃል አለመፈለጉን እንደ ቸልተኝነት ብቻ ልወስደው እሞክራለሁ።

ደግሞ በትምህርት ቤቱ ያድራል ያልሽውን አልተረዳሁትም። ያ ቤት ከተዘጋ ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው። በኖቬምበር ብርድ በብረት ማሞቂያ የሚያድር ጡረተኛ አላየሁም። የምጠይቀው ስለ ጤናው አስቤ ነው።

የአባቴን ቤት ልትጠይቂለት አስበሽ እንደሆነ፦ አልሸጥም፣ አላከራይምም። ቁልፉ በመሳቢያዬ ውስጥ ነው። ከበርሽ ትይዩ እንደተዘጋ ይቆይ።

ለአንቺ የሚሻለውን ልንገርሽ። በዚህ ከተማ ለአረጋውያን የተሠራ ንጹሕ ቤት አለ፤ ማሞቂያው የማያቋርጥ፣ ከመኖሪያዬ ሁለት ፌርማታ የሚርቅ። በአንድ ቃል ክፍል ማግኘት እችላለሁ። ቃለ ጉባኤው ሕጋዊ ሰነድ ነው፤ ማኅተም አለው፣ ጊዜውም አልፏል። እሱን መነካካት ለማንም አይበጅም። እለምንሻለሁ፣ ተይው።

እጅሽ ሲሽርልሽ በራስሽ እጅ ጻፊልኝ። የምጽፍልሽን ሁሉ ሌላ ሰው እያነበበልሽ መሆኑን ሳስብ ብዕሬ ይቆማል።

ያንቺው፣
ካፒቶን


ኮስትሪጊኖ
ዲሴምበር 9 ቀን 2012

ካፒቶን፣

ሉክያን ዘጠኝ ጭስ ብሎ አርሟል፤ አመስግንልኝ ብሎሃል። ስለ አዳሩ ምንም አትጽፊለት ብሎኛል። እኔ ግን እጽፋለሁ፦ ጆሮውን ብርድ መቶት በሽንኩርት እያሸሁለት ነው።

ስለ ከተማው ቤት አመሰግናለሁ፣ አልመጣም። ላሚቱ በፌርማታ አትኖርም።

ግልባጩ ደረሰ። ሉክያን ጮክ ብሎ አነበበልኝ። «ኦገስት 31 ቀን 1974፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ የኮስትሪጊኖ መንደር ነዋሪዎች ጠቅላላ ስብሰባ።» እሱ ምንም ሳይመስለው ቀጠለ። እኔ አስቆምኩት። ድገምልኝ አልኩት።

ካፒቶን፣ ኦገስት 31 የቅዱስ ፍሮል ቀን ነው። በፈረሶች ቅዱስ ቀን ኮስትሪጊኖ ውስጥ ስብሰባ ይቅርና ፈረስ እንኳ አይጠመድም። ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው ቢጽፈው ይገባኛል። ግን ያ ቅዳሜ ሌላም ነገር ነበር። ሠርጌ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ጠረጴዛዎቹ በግቢያችን ተደርድረው ነበር፣ እኔም ከኒካንድር ጎን ተቀምጬ ነበር።

ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ «ጓድ ፕሮሆር ሐሳቡን በመደገፍ ሰፊ ንግግር አደረጉ።» የኒካንድር አጎት ፕሮሆር በዚያ ሰዓት ከጋሪ ሥር ተኝቶ ነበር። ሰፊ ንግግር አድርጎ ከሆነ በአፍንጫው ነው። «ድጋፍ፦ ሰማንያ ሰባት፤ ተቃውሞ፦ የለም።» ሉክያን ሰማንያ ሰባቱን ስም በየተራ አነበበልኝ፤ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ የተቀመጡበትን አግዳሚ አየሁ። አክስቴ ማትሪዮናም አለች። አክስቴ የኮስትሪጊኖ ሰው አይደለችም፤ ከወንዝ ማዶ አውራጃ ለሠርጌ ነው የመጣችው፣ በማግስቱም ተመልሳለች። እሷ ምን አግብቷት ነው መንደራችን ይዘጋ ብላ እጅ የምታወጣ?

እጅ ካወጡት አንደኛው ስም ሙሽራው ነው። ሁለተኛዋ እኔ ነኝ።

ይህን የጻፈ ሰው የሠርጌን እድምተኛ አንድም ሳያስቀር ያውቃል። ከመንደሩ ሰው የጎደለው አንድ ስም ብቻ ነው፤ ያንተ። የጸሐፊው ፊርማ አይነበብም። ማን ነው? ከእንግዲህ ወረቀቶቼን አገላብጣለሁ አትበለኝ።

ኡስቲኒያ


ከክፍለ ሀገሩ ከተማ
ዲሴምበር 20 ቀን 2012

ኡስቲኒያ፣

እኔ ነኝ።

ይህን ደብዳቤ መምህሩ እንደሚያነብልሽ አውቃለሁ። ሌላ ሰው አንባቢ እስክታገኚ ልጠብቅ አሰብኩ፤ ነገር ግን ሠላሳ ስምንት ዓመት ከጠበቅኩ በኋላ ይህም ሌላ ማምለጫ መሆኑ ገባኝ። ያንብብ።

ኒካንድር ሚዜው እንድሆን በጁላይ ጠይቆኝ ነበር። እሺ አልኩት። ከዚያም የወረዳ ሥራ በዝቶብኛል ብዬ ቴሌግራም ላክሁ። በሠርግሽ ቀን ሥራ አልነበረኝም። በባዶው ቢሮ ውስጥ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ትይዩ ተቀምጬ፣ ወደ እናንተ የሚሄደውን አውቶቡስ ሦስት ጊዜ ሲነሣ አየሁት።

እሑድ እናቴን ልጠይቅ መጣሁ፤ አንቺን ላለማግኘት በጓሮ በኩል ገባሁ። ማን ማን ነበር? አልኳት። ሁሉም ነበሩ አለችኝ። ሁሉም ማለት ማን ነው? ስላት በየአግዳሚው ቅደም ተከተል ትነግረኝ ጀመር። እየጻፍኩ መሆኔን ስታይ ሳቀችና፣ «ምነው ልጄ፣ ልትመዘግባቸው ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ናፍቆት መስሏት በደስታ ጨርሳ ነገረችኝ፤ አክስትሽን ማትሪዮናንም የጨመረችልኝ እሷ ናት።

በዚያ ሳምንት «ተስፋ የሌላቸው» የተባሉ መንደሮች ዝርዝር ከወረዳው ወደ ላይ መላክ ነበረበት። ተስፋ የሌለው የተባለ መንደር ቤት አይሠራበትም፣ መንገድ አይጠገንበትም፣ ነዋሪዎቹ ወደ ማዕከላዊው ሰፈር ይዛወራሉ። ኮስትሪጊኖ በዝርዝሩ አልነበረችም። አርባ አንድ ጭስ፣ ትምህርት ቤትና የወተት እርባታ ያላት መንደር እንዴት ትገባለች? ለመግባት የነዋሪዎች ጠቅላላ ስብሰባ ያስፈልግ ነበር። ሰኞ ከምሳ በኋላ ጻፍኩት። ስብሰባ እንዳይመስል የሚያደርገውን ቀን ለምን እንደመረጥኩ ራሴን ጠይቄያለሁ። ሌላ ቀን ማሰብ አልቻልኩም፤ ለእኔ በዚያ ዓመት ሌላ ቀን አልነበረም። የኒካንድርን ስም አስቀድሜ ስጽፍ ደስ ብሎኝ ነበር።

የፈለግኩት ይህን ብቻ ነው፦ ቤሬዞቬትስ ከቢሮዬ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። መንደሩ ቢዘጋ እናንተም እዚያ ትመጣላችሁ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ በዳቦ ሱቁ ሰልፍ ላይ አይሻለሁ። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ባገኝ በወደድኩ። ፈልጌ አላገኘሁም።

መጡ፤ አርባው ጭስ ሁሉ በየተራ መጣ። የቤቶቹ ግንዶች በኖራ ቁጥር ተጽፎባቸው በመኪና ተጭነው በቢሮዬ መስኮት ሥር ሲያልፉ አይቻለሁ፤ የማን ቤት እንደሆነ ከመስኮት ክፈፉ ቅርጽ እለይ ነበር። እናቴም መጣች፣ እዚያው ሞተች። አንቺና ኒካንድር ብቻ ቀራችሁ።

በኋላ ትልቅ ሥልጣን ያዝኩ። በአንድ ፊርማ ልሽረው የምችልበት ጊዜ ነበር፣ አንድ ጊዜም አይደለም። አልሻርኩትም፤ መንደሩ ቢያንሰራራ የኒካንድር ይሆናል ብዬ። ለቀብሩም ያልመጣሁት ለሱ ስታለቅሺ ማየት ስላልፈለግኩ ነው።

ካፒቶን


ኮስትሪጊኖ
ጃንዋሪ 15 ቀን 2013

ጀሶው ተፈቷል፤ አዲስ መነጽርም አለኝ። ይኸው በራሴ እጅ፤ እንደምታየው ወደ ላይ ይወጣል።

ሉክያን አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን አጥፎ ወጣ፣ እስኪመሽ እንጨት ፈለጠ። እኔ ግን እናገራለሁ።

በ1977 ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ቬራ ልጄ በኋላ ሰባት ዓመት ሲሞላት ለአንደኛ ክፍል ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ትሄድ ነበር። በ1979 ሱቁ። ከዚያ አውቶቡሱ። ከዚያ ላሞቹን ነድተው ወሰዱ። በሄድንበት ቢሮ ሁሉ «እናንተው ራሳችሁ ተስማምታችሁ» ይሉናል። እኛስ ምን አልን መሰለህ? ሐሰት ነው አላልንም። በአንተ ዘመን ወረቀት ሐሰት ይሆናል ብሎ ማን ያስባል? ከመካከላችን አንዱ ፈርሟል አልን። ጎረቤት ጎረቤቱን ጠረጠረ። አንዱ የቢሮ ሠራተኛ ንግግር ያደረገው ፕሮሆር ነው ብሎ አወራ። አሥር ዓመት ሰላም የሚለው ጠፋ። ሚስቱ ወደ ልጆቿ ሄደች። ከሁሉ የከፋው ምን እንደሆነ ልንገርህ? ፕሮሆር ራሱ አመነ። «ሰክሬ ተናግሬ ይሆናል፤ ሰክሬ የምለውን መቼ አውቃለሁ» እያለ ይቅርታ እየለመነን ሞተ። መንደራችንን የገደለው መንገዱ ወይም ሱቁ አይደለም። በአንድ ጠረጴዛ መቀመጥ ተውን። የሄዱት ከዚያ በኋላ ነው።

ኒካንድር በመጨረሻው ሳምንት ትኩሳት ይዞት፣ «ካፒቶን ሠርጋችን ላይ አልመጣም ትያለሽ፤ መጥቷል እኮ፣ ሁላችንንም ቆጥሮናል» አለኝ። ቅዠት መስሎኝ ፎጣ አርጥቤ ግንባሩ ላይ አደረግኩ። ወረቀቱን መቼና የት እንዳየው አላውቅም። አውቆ ዝም ብሎ ኖሯል። ይህን ለምን እንዳደረገ አትጠይቀኝ፤ እኔም እየጠየቅኩት ነው።

ፌብሩዋሪ 22 የወረዳው ምክር ቤት ይሰበሰባል። ቆመህ በአፍህ ንገራቸው። ደብዳቤ አይደለም፣ አማላጅ አይደለም። ምሕረትን አሁን አትጠይቀኝ፤ ስለ መብራቱ ብቻ ነው የማወራህ።

ኡስቲኒያ


ከክፍለ ሀገሩ ከተማ
ማርች 3 ቀን 2013

ኡስቲኒያ፣

የሆነውን መምህሩ ከወረዳው ጋዜጣ አንብቦልሽ ይሆናል፤ ስለዚህ አልደግመውም። ጋዜጣው ያልጻፈውን አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። በዕድሜ የልጅ ልጄ የምትሆን አንዲት የምክር ቤት አባል ለምን እንዳደረግኩት ጠየቀችኝ። «በቅናት» አልኩ። ጸሐፊዋ ቀና ብላ ቃሉን እንድደግምላት ጠየቀችኝ። ደገምኩላት። በሰላሳ ዓመት የምክር ቤት ሕይወቴ በቃለ ጉባኤ ላይ ካስመዘገብኩት ሁሉ ይህ አጭሩ ነው።

የክብር ዜግነቴን ምስክር ወረቀት መልሻለሁ፤ ማንም ሳይጠይቀኝ። ግድግዳው ላይ የቀረውን ነጭ ቦታ እየተለማመድኩት ነው።

ያ ቃለ ጉባኤ ተሽሯል። ኮስትሪጊኖ ግን በመዝገቡ ላይ እንድትመለስ ምክር ቤቱ አንድ ግዴታ አስቀምጧል፦ እስከ ሜይ 1 ድረስ ምድጃቸው በሚነድ ሁለት ቤቶች ውስጥ የሚኖሩ ሁለት አባወራዎች በመንደሯ ስም መመዝገብ አለባቸው። ሁለት ጭስ፣ መምህሩ እንደሚለው። አንዱ አንቺ ነሽ።

ለሁለተኛው የአባቴን ቤት እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁ። ማን እንዲገባበት እንደምትፈልጊም ገብቶኛል። መልሴን አልደብቅም፦ እሱ ከሚገባበት ጣሪያው ቢወድቅ እመርጣለሁ ብዬ ቁልፉን ወደ መሳቢያው መለስኩት። በማግስቱ ግን የሚሻል ነገር አሰብኩ። እኔ ልምጣ። የዚያ ቤት ልጅ ነኝ። ሚስቴ ከሞተች ሰባት ዓመት ነው፣ እዚህ የሚያቆየኝ የለም። ሁለተኛው ጭስ እኔ ልሁን። ያጠፋሁትንም በራሴ እክሳለሁ።

ካፒቶን


ኮስትሪጊኖ
ማርች 19 ቀን 2013

ካፒቶሻ፣

አንብቤ ሳቅኩ፤ ከዲሴምበር ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው፣ ስለዚህ አመሰግናለሁ።

አትምጣ። አንተ የምትመጣው ለመንደሩ አይደለም፣ መስኮቴን ለመጠበቅ ነው። ሉክያን ወተት ሊወስድ ሲገባ ሰዓትህን ታያለህ፤ ሲወጣም ታያለህ። በኤፕሪል ትመጣለህ፣ በኖቬምበር ወገብህን ያምህና ሐኪም ፍለጋ ትሄዳለህ፤ ያኔ መንደሩ ለሁለተኛ ጊዜ በአንተ እጅ ይዘጋል። የከተማ ሰው ከሆንክ አርባ ዓመትህ ነው። የላም ጡት ከየት በኩል እንደሚታለብ ረስተህ ይሆናል።

ሉክያን ከተማ ያለውን ክፍል ለሴት ልጁ ለቅቆላታል፤ መመለሻ የለውም። የሚቀረው ሰው እሱ ነው። ቤት የለሽ መምህር ጆሮው እየተላጠ ያቆመውን መንደር አንተ በሊቀ መንበርነት አታቆመውም።

ከእኔ ቤት ለምን አይገባም? ብለህ ልትጽፍ ብዕርህን እንዳነሣህ ይታየኛል። ከኔ ቤት ቢገባ አንድ ጭስ ነው የሚሆነው። ሌላውን፣ ያንን ሌላውን ጥያቄህን፣ አልመልስልህም። ስድሳ አምስት ዓመቴ ነው፤ ደጄ የኔ ነው።

ስለ መንደሩ ከሆነ ቁልፉን ላክ። ስለ እኔ ከሆነ አስቀምጠው።

ኡስቲኒያ


ከክፍለ ሀገሩ ከተማ
ኤፕሪል 7 ቀን 2013

ውድ ኡስቲኒያ፣

ደብዳቤሽን ተቀብዬ ሁለት መልስ ጽፌ ቀደድኩ። ሁለቱም ረጃጅም ነበሩ፤ ሁለቱም ስለ ሉክያን ፓርፌኖቪች ነበሩ።

ከዚህ ጋር የአባቴ ቤት በስጦታ ለሉክያን ፓርፌኖቪች መተላለፉን የሚያሳይ በውል አዋዋይ የጸደቀ ሰነድና ቁልፉን ታገኛላችሁ። ቀኑ የተፈረመበት እውነተኛ ቀን ነው፤ ምስክሮቹም በቦታው የነበሩ፣ ያልሰከሩና እጃቸውን በራሳቸው ያወጡ ሰዎች ናቸው። ከመፈረሜ በፊት በልቤ ውስጥ አንድ የላቀ ስሜት ፈልጌ ነበር፣ ለእርጅናዬ እንዲሆነኝ። አላገኘሁም። ቅናቱ ያው የድሮው ነው፤ ወረቀቱ ግን ዘንድሮ እውነት ነው።

ለመምህሩ የሚከተለውን ንገሪው። ምድጃው በ1971 ኒካንድር የሠራው ነው፤ በወረዳው ውስጥ እንዲህ ያለ ምድጃ የለም። ይህን ከጻፍኩ በኋላ ተነሥቼ በክፍሉ ተመላልሻለሁ። ሃያ ዓመት ስላልነደደ በመጀመሪያው ቀን በትንሽ እንጨት፣ በቀጣዩ ቀን በግማሽ፣ በሦስተኛው ቀን በሙሉ ያንድደው። ቸኩሎ ቢያነድደው ጡቡ ይሰነጠቃል። የጭስ ማውጫው መዝጊያ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚከፈተው፤ እንግዳ ሰው ሁሉ ይሳሳተዋል። ከጓዳው በር በላይ እናቴ የልጅነት ቁመቴን በቢላ የለካችባቸው መስመሮች አሉ። ቀለም እንዳይቀባቸው። ከመካከላቸው ሁለቱ ያንቺ ናቸው።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ ከእኔ ከመጣ የማይገባ ልመና መሆኑን እያወቅኩ። እራት ሲጋበዝ የፈለገበት ይቀመጥ። በኒካንድር ወንበር ላይ ግን አታስቀምጪው።

በአክብሮት፣
ካፒቶን


ኮስትሪጊኖ
ሜይ 15 ቀን 2013

ካፒቶን፣

እንደምን አለህ? እኛ ደህና ነን። እኛ ያልኩት መንደሩን ነው፤ ቶሎ አትቆጣ።

ሰነዱ ደርሷል። ሉክያን አንተ እንዳልከው በሦስት ቀን አነደደው፤ መዝጊያውን ግን በተሳሳተው በኩል ጎትቶ እንደ ከሰል ጠቁሮ ወጣ። የወረዳው ሰው በኤፕሪል 29 መጥቶ መንገዱ መሃል ቆመና በጣቱ ቆጠረ። አንድ፣ ሁለት። ሌላ ለመቁጠር ዞር ሲል ሁለት ብቻ ነው አልኩት። ጻፈው። መብራት ባለፈው ሐሙስ መጣ። አዲሱ መታወቂያዬ ላይ ኮስትሪጊኖ ተጽፏል፤ ራይሳ ለማየት ሦስት ጊዜ ተቀብላኛለች።

የቁመቱን መስመሮች አይቻቸዋለሁ። በሰባት ዓመታችን እበልጥህ ነበር።

ትናንት የሙታን ፋሲካ ነበር። ቀይ እንቁላልና ዳቦ ይዘን መቃብር ወጣን። ፕሮሆር መቃብር ላይ ቆሜ የምክር ቤቱን ውሳኔ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩለት፤ ንግግር እንዳላደረገ፣ ተኝቶ እንደነበረ ነገርኩት። ከዚያ ወደ ኒካንድር ሄድኩ። የተነጋገርነውን ላንተ አልጽፍም።

ምሕረትን በቃል አልጠየቅክም፤ የላክኸው ቁልፍ ግን ጠይቆልሃል። በኦገስት 31 ና። የመንደሩን ስብሰባ እንጠራለን፣ በፍሮል ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፤ አሁን እንግዲህ ልማድ ሆኗል። ከሰማንያ ሰባቱ በሕይወት ያለን ስድስት ነን። አራቱ ከቤሬዞቬትስ እንመጣለን ብለዋል። እጅ ማውጣት አትችልም፣ ከዝርዝሩ ራስህን ራስህ አስቀርተሃል። ጠረጴዛው ላይ ግን ቦታ አለ፤ አግዳሚው ረጅም ነው፣ ሉክያን ከወዲያ ጫፍ፣ አንተ ከወዲህ ጫፍ።

ስለ ወንበሩ ጽፈህልኛል። ሉክያን አልተቀመጠበትም፤ ሊቀመጥም ጠይቆኝ አያውቅም። ልጄ ቬራ ስትመጣ እንኳ አትቀመጥበትም። አንተም ብትመጣ አትቀመጥበትም።

ኡስቲኒያ